«ፖስታ ቤት» በኮምፒዩተር ውስጥ፦ የዩኒክስ የደብዳቤ ሥርዓትና የቃላቱ ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው በጠረጴዛ ኮምፒዩተርና በዩኒክስ የደብዳቤ ማእከል መካከል ያለው ግንኙነት እንዴት እንደ ተመሠረተና መጠሪያ የሆኑት ቃላት ከወዴት እንደ መጡ ነው። ርእሱ ለመሐንዲስ እንጂ ለቋንቋ ሰው የሚሆን አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ለጥናቱ ያነሣሣን አንድ የትርጉም ስሕተት ሲሆን፣ ስሕተቱም የኛው የራሳችን ነው። እርሱን በቦታው እናወሳዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ኮምፒዩተር የሚገለገሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው መልእክት ማስቀመጥ የጀመሩት ኮምፒዩተሮች በመስመር ከመገናኘታቸው በፊት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብዙ ሰዎች አንዱን መኪና በአንድ ጊዜ የሚጋሩበት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት ነበር። በ1965 ቶም ቫን ቭሌክና ኖኤል ሞሪስ ለዚህ ሥርዓት «ሜይል» የተባለውን ትእዛዝ ጻፉለት። በ1971 ደግሞ ሬይ ቶምሊንሰን አርፓኔት በተባለው መረብ አማካይነት ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ደብዳቤ ላከ። የባለ ደብዳቤውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት የመረጠው «ኤት» የሚባለውን፣ ነጋዴዎች በደረሰኝ ላይ የነጠላ ዋጋ ለማመልከት ይጠቀሙበት የነበረውን ምልክት ነው። ዛሬ ይህ ምልክት የሌለበት አድራሻ የለም።

ዩኒክስ በቤል ላቦራቶሪዎች የተወለደ ሥርዓት ነው። በኖቬምበር 1971 የወጣው የመጀመሪያው መመሪያው ከዘረዘራቸው ትእዛዞች አንዱ «ሜይል» ነበር። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ፋይል ይከፈትለታል፤ ደብዳቤ ሲመጣለት ከፋይሉ ግርጌ ይቀጠላል። ይህ ፋይል «የደብዳቤ ሣጥን» ተባለ። ሆኖም ሣጥኑ ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ አንዱ ደብዳቤ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚለይ ምልክት አስፈለገ። ለዚህም የተመረጠው «ፍሮም» የተባለው፣ በአማርኛ «ከ» የሚል ፍቺ ያለው መስተዋድድ ነው። ከባዶ መስመር ቀጥሎ፣ በመስመር መጀመሪያ ላይ፣ «ፍሮም» ተጽፎ ክፍት ቦታ ሲከተለው አዲስ ደብዳቤ እንደ ተጀመረ ይቆጠራል።

የቋንቋ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል። አንድ መስተዋድድ ከሰዋስው ሥራው ተነሥቶ የወሰን ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። ውጤቱም ወዲያው ታየ። ማንኛውም እንግሊዝኛ ጸሐፊ አንድን አንቀጽ በዚሁ ቃል ቢጀምር፣ ኮምፒዩተሩ ደብዳቤውን ከሁለት ይከፍለዋል። ይህን ለመከላከል ሲባል ቃሉ በመስመር መጀመሪያ በተገኘ ቁጥር ከፊቱ ወደ ቀኝ የሚያመለክት የማእዘን ምልክት እንዲገባ ተደረገ። ስለዚህ ጸሐፊው ያልጻፈው ምልክት በጽሑፉ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ከዚያ ዘመን የተረፉ ብዙ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ይህን ጠባሳ ይዘው ይገኛሉ። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ቋንቋቸው አማርኛ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ምርጫ ከመነሻውም ባልታሰበ ነበር፤ «ከ» ራሱን ችሎ አይቆምምና።

በኦገስት 1982 ሁለት ሰነዶች ወጡ። ጆናታን ፖስተል ያዘጋጀው ቁጥር 821 ደብዳቤ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚተላለፍበትን ደንብ ሲወስን፣ ዴቪድ ክሮከር ያዘጋጀው ቁጥር 822 ደግሞ የደብዳቤውን የራስጌ መልክ ወሰነ። የመጀመሪያው ደንብ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በሚል አኅጽሮት ይታወቃል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ጉዳያቸውን የሚጀምሩት በሰላምታ ነው። ትእዛዞቹ ሁሉ አራት ፊደል እንዲሆኑ ስለ ተወሰነ «ሄሎ» የሚለው ቃል ከሁለቱ «ኤል» አንዱን ተነጥቆ ገብቷል። ተቀባዩ በቁጥር ይመልሳል፤ 250 «እሺ» ማለት ነው፣ 354 «ጽሑፉን ጀምር»፣ 550 «አልቀበልም»። የደብዳቤው ፍጻሜ የሚታወቀው ብቻዋን በአንድ መስመር በቆመች ነጥብ ነው። የጸሐፊው የራሱ መስመር በነጥብ የሚጀምር እንደ ሆነ፣ ላኪው አንዲት ነጥብ ይጨምርበታል፤ ተቀባዩም ያቺኑ ይቀንሳል። ከ«ፍሮም» መፍትሔ ይልቅ ይህኛው ንጹሕ ነው፤ የተጨመረው ተመልሶ ስለሚነሣ ጠባሳ አይቀርም። በበርክሌይ ኤሪክ ኦልማን የጻፈውና በ1983 ከዩኒክስ ጋር መሠራጨት የጀመረው «ሴንድሜይል» ይህን ደንብ በሥራ አዋለው።

እስከዚህ ድረስ አንባቢውና ሣጥኑ በአንድ መኪና ላይ ነበሩ። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን ችግር ተፈጠረ። ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የተቀባዩ በር ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን ያስባል፤ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ግን ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ ይጠፋል። ለጠፋ ኮምፒዩተር ደብዳቤ ማድረስ አይቻልም። ስለሆነም ደብዳቤው ሁልጊዜ በማይጠፋው የዩኒክስ መኪና ላይ ይቆይና ባለቤቱ ሲመቸው መጥቶ ይውሰድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በኦክቶበር 1984 ጆይስ ሬይኖልድስ ያዘጋጀችው ሰነድ ቁጥር 918 ለዚህ አሠራር «የፖስታ ቤት ደንብ» የሚል ስም ሰጠው፤ በአኅጽሮት «ፖፕ» ይባላል። ሁለተኛው እትም በ1985፣ በማርሻል ሮዝ የተዘጋጀው ሦስተኛው እትም በ1988 ወጣ። ዛሬም የሚሠራበት ሦስተኛው ነው።

ይህ ስም ለእንግሊዝኛው አንባቢ እንግዳ ሳይሆን አልቀረም። በአሜሪካ ከተሞች ፖስተኛው ደብዳቤውን እስከ ደጃፍ ያመጣልና፣ «ፖስታ ቤት» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ሰው ሄዶ ደብዳቤውን የሚወስድበት ስፍራ አይደለም። ለኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ፖስታ በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተቋቁሞ፣ አገሪቱ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የደብዳቤ እደላችን በየቤቱ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ባለ ሣጥኑ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፣ ይከፍታል፣ ያገኘውን ይወስዳል፤ ሣጥኑም ባዶ ሆኖ ይቀራል። የፖፕ ደንብ የሚያደርገው ቃል በቃል ይህንኑ ነው። የተጠቃሚው ስምና የምሥጢር ቃሉ ቁልፍ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ደብዳቤ እንዳለ መጠየቅ፣ አንዱን ማምጣት፣ አንዱን መሰረዝና መሰናበት ይከተላሉ። የስያሜው ባለቤቶች ሳያውቁት ከራሳቸው አገር ይልቅ ለኛ የሚስማማ ምስል መርጠው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በስም ረገድ ሌላም የሚያስደስት ነገር አለ። በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ዶርነር ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር የደብዳቤ ፕሮግራም ሲጽፍ ሳለ፣ ከደብዳቤ ብዛት የተነሣ በፖስታ ቤት ውስጥ የሚኖር ያህል ተሰማው። በፖስታ ቤት ስለምትኖር አንዲት ሴት የሚተርክ፣ በ1941 የታተመ አጭር ልብ ወለድ ትዝ ቢለው፣ ፕሮግራሙን በደራሲዋ በዩዶራ ዌልቲ ስም «ዩዶራ» ብሎ ሰየመው። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ኳልኮም ኩባንያ ተዛውሮ ለብዙ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲያገለግል ኖሯል። ኩባንያው በ2006 ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ፤ የፕሮግራሙ መነሻ ጽሑፍም በ2018 በኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም አማካይነት ለሕዝብ ክፍት ሆነ።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሚሆን የደብዳቤ ፕሮግራም መመሪያ እንድንተረጉም ጠይቆን ነበር። በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የማስተካከያ ገጽ ላይ አንድ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን ትገኛለች፤ ከጎኗ ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ደብዳቤዎቹ ከመጡ በኋላ በማእከሉ ላይም ይቆዩ እንደ ሆነ ይጠይቃል። እኛም ሐረጉን ግሥ በግሥ መልሰን «መልእክቶችን በአገልጋዩ ላይ ተው» ብለን ጻፍን። በጊዜው ምንም አልጎረበጠንም።

«ተወ» ግን በአማርኛ ምን ማለት ነው? ሥራውን ተወ፣ ትዳሩን ተወ፣ መጠጥ ተወ፣ ነገሩን ተወው እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር መልቀቅ፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ቸል ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግሥ ሁለቱንም፣ ማለትም «ጥሎ መሄድ»ንና «ባለበት ማቆየት»ን፣ በእኩል ይሸከማል፤ የአማርኛው ሚዛን ግን ወደ መጀመሪያው ያጋደለ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሐረጓን አንብበው፣ ምልክቷን አነሡ። ፕሮግራሙም እንደ ታዘዘው የበርካታ ዓመት ደብዳቤዎችን ከማእከሉ አምጥቶ በእርሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ካስቀመጠ በኋላ ከማእከሉ ሰረዛቸው። ከወራት በኋላ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ተበላሸ፤ ደብዳቤዎቹም ጠፉ። ነገሩን ለማጣራት ስንሄድ ኃላፊው የመለሱልን ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልወጣም፤ «ደብዳቤውን ተው ብላችሁ ጻፋችሁ፤ እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አልተውም አልኩ» አሉ። ያነበቡት በትክክል ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን።

መፍትሔውን ያገኘነው እዚያው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ኃላፊው ስለ ሥራቸው ሲያስረዱን በሚናገሩት ላይ ጆሯችንን ስንጥል፣ ለኮምፒዩተር ደብዳቤ ስንፈጥራቸው የነበሩት ቃላት አብዛኞቹ ከፊታችን ተደርድረው አገኘናቸው። የመጣው «ገቢ»፣ የሚላከው «ወጪ» ነው። ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ የሚሄደው «አባሪ» ነው። ለሌላ ክፍል እንዲያውቀው የሚላከው «ግልባጭ» ነው፤ እንግሊዝኛው ዛሬ ማንም የማይጠቀምበትን የካርቦን ወረቀት በስሙ ተሸክሞ ሲዞር፣ የኛው ቃል ከካርቦኑም ከታይፕ መኪናውም ነጻ ነው። የራስጌው ርእስ «ጉዳዩ» ነው። እኛ ግን በመጀመሪያው እትም ለአባሪ «የተጣበቀ ፋይል»፣ ለጉዳዩ «አርእስት» ብለን ነበር፤ ይህን ስንጽፍ በራሳችን ቢሮ በየቀኑ አባሪ ያለው ደብዳቤ እየፈረምን ነበር። ያቺንም ሐረግ «ቅጂውን ብቻ አምጣ፤ ዋናው በሣጥኑ ይቆይ» ብለን ለወጥናት። በ«ቅጂ» ፈንታ «ግልባጭ» ልንል አስበን ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል ሌላ ሥራ ስለ ያዘ አልነካነውም።

ከፖፕ ጠባይ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የስረዛ ትእዛዝ የሚፈጸመው ወዲያው ሳይሆን ተጠቃሚው በሥርዓት ሲሰናበት ነው። መስመሩ ከስንብቱ በፊት ቢቋረጥ ምንም ነገር አይሰረዝም። ይህ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው፤ ሆኖም ደካማ የስልክ መስመር ባለበት አገር ያው ደብዳቤ ደጋግሞ እንዲመጣ ያደርጋል። በአዲስ አበባ፣ በአፍሪቃ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኝ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊዶኔት በሚባለው ሥርዓት በስልክ መስመር ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር፤ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የተጀመረው በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ በስልክ መስመር ደብዳቤ ያወረደ ሁሉ የመቋረጥን ነገር ያውቀዋል። በ1994 ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የማይለወጥ መለያ የሚሰጥ ትእዛዝ ወደ ደንቡ ሲገባ፣ ፕሮግራሞች የወሰዱትን ካልወሰዱት መለየት ቻሉ።

ሁለተኛው መንገድ «አይማፕ» ነው። ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ የጀመረው ሲሆን፣ አራተኛው እትም በ1994 ታወጀ። በዚህ አሠራር ደብዳቤው ከማእከሉ አይወጣም፤ አንባቢው ከጠረጴዛው ሆኖ እዚያው ያለውን ያያል፣ ያነበበውን ምልክት ያደርግበታል፣ በየአቃፊው ያደራጃል። ከሁለት ኮምፒዩተሮች ቢገባ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ያሳዩታል። ፖፕ ፖስታ ሣጥን ከሆነ፣ አይማፕ ራሱ መዝገብ ቤቱ ነው ማለት ይቻላል፤ ፋይሉ ከመደርደሪያው አይወጣም፣ ባለ ጉዳዩ እዚያው ቁጭ ብሎ ያገላብጣል። ይህን ልዩነት ለተጠቃሚ በሁለት ምስል ማስረዳት ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። ለኃላፊውም ያስረዳነው እንዲሁ ነው፤ «ታዲያ ከመጀመሪያው ይኸኛው ለምን አልተሰጠኝም?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ማምጣት ይህን ያህል ከደከመ፣ መላክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጠረጴዛው ፕሮግራም የሚያመጣው በፖፕ ወይም በአይማፕ ሲሆን፣ የሚልከው ግን በአሮጌው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዩኒክስ ማእከሎች የማንንም ደብዳቤ ተቀብለው ለማንም ያሳልፉ ነበር። የማስታወቂያ አሠራጮች ይህን ቸርነት መጠቀሚያ ስላደረጉት፣ ሴንድሜይል ከ1998 እትሙ ጀምሮ ለማያውቀው ማሳለፍን ከለከለ። በ1999 ላኪው ማንነቱን የሚያስመሰክርበት ደንብ ወጣ። ደብዳቤ ማምጣት የቻለ ሰው መላክ ሲሳነው የሚገረመው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በሁለት በር ሁለት ቁልፍ እንዳለ አልተነገረውም። ለዚህ ማሳለፍ የሚሆን «ቅብብል» የሚል ቃል ከስፖርት ሜዳ አግኝተናል፤ ዱላውን የሚያውቅ ሁሉ ትርጉሙን ሳይነገረው ይረዳዋል።

የፊደላችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ዋናውን ብቻ እንጠቅሳለን። የ1982ቱ ደንብ የሚያስተላልፈው ከ0 እስከ 127 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ይበቃል። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ የሠሩበት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል አስጽፎ በዚሁ ጠባብ በር አሳልፎታል፤ «ተ»ን በትንሹ፣ «ጠ»ን በትልቁ «ቲ» እየለየ። በጁን 1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ያዘጋጁት «ማይም» የተባለው ደንብ ማንኛውንም ጽሑፍ በሚያልፍ መልክ ጠቅልሎ ለመላክ አስቻለ። በዚያው ዓመት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 የተባለውን አጻጻፍ ፈጠሩ፤ የኢትዮጵያ ፊደልም በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ቁጥር ይወስዳል። ለምሳሌ ያህል፣ «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው። ይህ ቁጥር ሳይጠቀለል በአሮጌ መኪና በኩል ቢያልፍና ስምንተኛው ቢት ቢቆረጥበት፣ ከእያንዳንዱ 128 ይጎድልና 97፣ 8፣ 48 ይሆናል፤ ይኸውም ትንሿ የላቲን «ኤ»፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚመልስ የማይታይ ምልክትና ዜሮ ማለት ነው። «ሰላም» ተብሎ የተላከ ደብዳቤ የማይነበብ ሆኖ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በማይም ሲጠቀለል ግን ዘጠኙ ቁጥር አሥራ ሁለት የላቲን ምልክት ሆኖ ይጓዝና፣ በተቀባዩ ዘንድ ተፈትቶ እንደ ነበረ «ሰላም» ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ «ዲመን» እናንሣ። በዩኒክስ ማንም ሳያዛቸው ከኋላ ሆነው የሚጠብቁ ፕሮግራሞች በዚህ ስም ይጠራሉ። ደብዳቤ አልደርስ ሲል የሚመለሰው ማስታወቂያም የሚፈረመው በደብዳቤው ዲመን ስም ነው። ስሙ የወጣው በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ መነሻው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ1867 ያሰባት፣ በር ላይ ቆማ ሳትታክት ሞለኪውሎችን የምትለይ ረቂቅ ፍጡር ናት። በግሪክ የቃሉ ጥንታዊ ፍቺ መልካምም ክፉም ያልሆነ መንፈስ ነው። በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አቻው «ጋኔን» ሲሆን፣ ይህም በአማርኛ ከክፋት በቀር ሌላ ፍቺ የለውም። በአንድ ትርጉም ውስጥ «የደብዳቤ ጋኔን» ተብሎ አይተናል፤ ሰው ጠዋት ቢሮው ገብቶ ከጋኔን ደብዳቤ ደረሰህ ቢባል ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ እንተዋለን።

እኛ በሁለት ቃላት መካከል ስናመነታ ቆይተናል፤ «ዘበኛ» እና «ተረኛ»። ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይህም ከማክስዌል ምስል ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ዋና ሥራው መከልከል ነው። ተረኛ ግን ሌላው ሲተኛ ነቅቶ የሚመጣውን ጉዳይ ይቀበላል፤ የፕሮግራሙ ጠባይ ወደዚህ ይቀርባል። «ሰርቨር»ን በተመለከተ «አገልጋይ» የሚለውን ይዘናል፤ ምንም እንኳ ሕዝቡ «ሰርቨር» ማለቱን፣ በባንክ መስኮት ላይ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎ «ሲስተም የለም» ማለቱን ባይለቅም። «ደንበኛ» ለጠረጴዛው ፕሮግራም መልካም ቃል ነው፤ ደንበኛ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚሄድ ሳይሆን ተመላልሶ ወደዚያው የሚመጣ ነውና።

የተሻሻለውን የቃላት ዝርዝር ከማሳተማችን በፊት ለእኒያ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ልከንላቸው ነበር። ዝርዝሩ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከአንዲት በቀር ሁሉንም ተቀብለውታል፤ «ተረኛ» የሚለውን ሰርዘው ከጎኑ በእጃቸው «ዘበኛ» ብለው ጽፈዋል። በሁለተኛው እትም ሁለቱንም አስገብተናቸዋል።